ዓይነ ስውርነቴን በዓይኔ አንብቤ እንድፈርም ስለመጠየቄ

ለክቡር አቶ ዘረሰናይ
የማስረጃ ማጣራትና ማረጋገጥ ቡድን መሪ
በየካ ክፍለ ከተማ፣ ቁጥሩን ለክብርዎ ስል በማልጠቅሰው ወረዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በሥርዎ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይም የዓይናችሁን። እኔ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና የደም ግፊቴ ረገብ ብሏል፣ ጉልበቴም የየካ ሚካኤልን ዳገት ሳያሳፍረኝ እያወጣኝ ነው። ስለ ዓይኔ ግን ከእርስዎ ቀድሜ መናገር ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ጉዳዩ በቡድንዎ ገና በመጣራት ላይ ነው ብዬ አልፋለሁ።

ስሜ ገመዳ ኢቲቻ ይባላል። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት፣ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ጉርድ ሾላ አካባቢ በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ፍሬን ስሠራ ኖሬ፣ ሐኪሞች ግላኮማ በሚሉት በሽታ ሁለቱም ዓይኖቼ ከጠፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ በግቢያችን የምትኖረው መምህርት ኢፍቱ ናት። አልፎ አልፎ ብዕሯን እያቆመች «ጋሼ፣ ይሄ አይበዛም?» ትለኛለች። የበዛው ሁሉ የእኔ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ይህን በአደባባይ እንድጽፍ ያደፋፈረኝ ባለፈው ሳምንት በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ የደረሰኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ኢፍቱ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ አንደኛውን ለመስማት፣ ሁለተኛውን ለማመን። በመጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በግልጽ የተለጠፈውን ማስታወቂያ «አይተው እንዳላዩ በመሆን ያለፉ ስለሆነ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ እምነት የጣለብኝ ሰው የለም። የገዛ እህቴ እንኳ ቤቴ በመጣች ቁጥር ወንበሩን ከመንገዴ ታነሳለች።

ለሚያነቡት ሰዎች ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከመነሻው ልጀምር።

ባለቤቴ ፈትለወርቅ በሕይወት ሳለች መጽሐፍ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትደርስ ትቀመጥና ታነብልኛለች፤ ደስ ያላላትን ሰው ክፉ ድምፅ ሰጥታ፣ ያዘነችለትን ደግሞ ቀስ ብላ። የመጨረሻው መጽሐፋችን ስለ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የሚያወራ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። እኔ ፍሬን ሠሪ ስለሆንኩ ነው የመረጠችልኝ። አሥረኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ እምቢ ይልና መኪናው ግማሽ አካሉ ከገደሉ አፋፍ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሾፌሩም ውስጡ ነው። ቀጥዪ አልኳት። «ለዛሬ ይብቃው፣ እዚያው ይንጠልጠል፤ ነገ እናወርደዋለን» ብላ ሳቀችና ዘጋችው። በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ያ ሾፌር እንግዲህ እንደተንጠለጠለ ዓመት ከስድስት ወር አለፈው።

ኢፍቱ አነብልሃለሁ ብላኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ውላ በደከመ ጉሮሮዋ ላይ መጫን ስላልፈለግኩ እንቢ አልኩ። እሷ ናት ስለ ዓይነ ስውራን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የነገረችኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ የለውም። በቀን የሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ወይዘሪት ማዕዶት ከአሥራ አንድ ጓደኞቿ ጋር አያት ካለው የኮንዶሚኒየም ቤቷ ሆና ያለ ምንም ክፍያ የምታስተዳድረው ነው። መጽሐፍ በድምፅ ይቀዳሉ፤ እኛ አባላቱ ደግሞ በሚናገር ስልካችን እናዳምጣለን። የመንገድ ጫጫታ እንዳይገባ ልብስ በተሞላ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብተው ነው የሚያነቡት። ያም ሆኖ በአንዱ መጽሐፍ መሀል መብራት ይጠፋና አንባቢው ይቅርታ ጠይቆ በስልኩ ብርሃን ይቀጥላል፤ በሌላው ደግሞ የጎረቤት ዶሮ ከደራሲው ጋር ይከራከራል። እነዚህን ሰዎች በጸሎቴ የማልረሳቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሾፌሩን መጽሐፍ እንዲቀዱልኝ ጠየቅኳቸው፤ ቀዱልኝ። በቀጥታ ወደ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ መሄድ ፈትለወርቅን ጥሎ እንደ መሮጥ ሆነብኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አሥረኛውን በጨረስኩ ማግስት ስልኬ አባልነቴ ማብቃቱን ነገረኝ። ደራሲዎቹ መጽሐፋቸውን በነፃ የሚሰጡት ማዳመጥ ያለበት ዓይነ ስውር ብቻ ነው ብለው አስፈርመው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አባል በሐኪም ወረቀት ከገባ በኋላ በየዓመቱ ከሚኖርበት ወረዳ ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ደውዬ ለመንኩ። ማዕዶት «ጋሼ ገመዳ፣ ለእርስዎ ብዬ ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ማን ደራሲ ያምነናል?» አለችኝ። ልክ ናት። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ፣ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት መጣሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ለማንበብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ስለ ፎርሙ።

ዓይነ ስውርነት በየዓመቱ መታደስ እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ የኔው ምንም ሳላድሰው ዘጠኝ ዓመት ያለማቋረጥ ሲያገለግለኝ ስለቆየ ተዘናግቻለሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መስኮት አራት ላይ የምትሠራው ወይዘሪት ሩታ እየጠየቀችኝ ፎርሙን ሞላችልኝ፣ ጣቴንም ይዛ የፊርማው ቦታ ላይ አሳረፈችው። ከመፈረሜ በፊት መጨረሻውን እንድታነብልኝ ለመንኳት። አነበበችው። «ከላይ የሰፈረውን በሙሉ በራሴ ዓይን አንብቤ የተረዳሁ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀ።

ምክንያቱን በኋላ ስጠይቅ ተረዳሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ደላሎች ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ፎርም እናንብብላችሁ እያሉ፣ ሌላ ነገር እያስፈረሙ ስለተደረሰባቸው፣ ቡድንዎ ሕዝቡን ለመጠበቅ «በራሴ ዓይን» የሚሉት ሁለት ቃላት በፎርሞች ሁሉ ላይ ያለ አድልዎ እንዲገቡ አዟል። ያለ አድልዎ መሆኑን ከልብ አደንቃለሁ፤ አንዲት ፎርም እንኳ አልዘለላችሁም።

እንግዲህ ብፈርም ማንበቤን አምኛለሁና ዓይነ ስውር አይደለሁም፤ ባልፈርም ፎርሙ አልተሟላምና አሁንም ዓይነ ስውር አይደለሁም። ሦስት ሐኪም ቤትና አንድ ከውጭ የመጣ ጠብታ በዘጠኝ ዓመት ያላደረጉልኝን ቡድንዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር አደረገልኝ። ሩታ ግን ልታግዘኝ ፈልጋ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ይፈርሙና ይሂዱ፤ ማን ያነበዋል ብለው ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን መለስኩላትና ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም አልኳት፤ ትንሽ ጮክ ብዬ፣ ሰልፉ እንዲሰማ።

ይህን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «አለመፈረምህ ደግ ነው። ልጅቷን በሰው ፊት ማሳፈርህን ግን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። በማግስቱ ተመልሼ ሩታን ይቅርታ ጠየቅኳት። ፎርሙን ግን ዛሬም አልፈረምኩም።

2ኛ. ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ እንግዶች።

ባለመፈረሜ ጉዳዬ «አጠራጣሪ» ተብሎ፣ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ወደ ቤቴ መጣ። ከፈትለወርቅ ሐዘን ወዲህ ሦስት ሰው አንድ ላይ ቤቴ ገብቶ አያውቅምና ስለዚህ ብቻ እንኳ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቤቴን ከዞረ በኋላ ያቀረበው ቃለ ጉባኤ ግልባጭ ደርሶኛል። የተገኙት ማስረጃዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. ግለሰቡ የበረንዳውን ደረጃ ሳይደናቀፉ ወርደው እንግዶችን ተቀብለዋል። (ደረጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ነው፤ ከሠራሁት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።)

ለ. አንደኛውን የኮሚቴ አባል ገና ሳይናገር በስሙ ጠርተዋል። (ጋራዣችን በር ላይ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ሐኪም እንዲያየው ንገሩልኝ።)

ሐ. በመኝታቸው ራስጌ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ምልክት የተደረገበት ወፍራም መጽሐፍ ተገኝቷል።

መ. በመኝታ ክፍላቸው በጠራራ ፀሐይ አምፖል በርቶ ተገኝቷል፤ ዓይነ ስውር መብራት ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄም ተነስቷል።

በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ኮሚቴው በግለሰቡ ላይ «የማየት ዝንባሌ» መኖሩን በሙሉ ድምፅ አረጋግጧል።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ሀ፣ ለ እና ሐ እንዳሻችሁ። ስለ መ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ፈትለወርቅን ወደ ሆስፒታል የወሰድናት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። አምፖሉን ያበራችው እሷ ናት፤ ነጠላዋን ስትፈልግ። እንግዲህ ማንም አላጠፋውም። ሐዘን የመጡት ሰዎች ሆን ብዬ ያበራሁት መስሏቸው ይሆናል፤ ኢፍቱም መኝታ ክፍሌ አትገባም። ያንን ሁሉ ወር እኔ በጨለማ ተኝቻለሁ ስል ብርሃን ውስጥ ስተኛ ኖሬያለሁ። የነገረኝ የእናንተ ቃለ ጉባኤ ነው።

ኢፍቱ አንብባልኝ ከሄደች በኋላ ተነሥቼ ማብሪያውን ተጫንኩት። ከዚያ ቀድሞ የጠፋ ቢሆንስ ብዬ መልሼ ተጫንኩት። አሁን በርቶ ይሁን ጠፍቶ አላውቅም፤ ሰው ጠርቼ ማስየትም አልፈለግኩም። ኮሚቴው ይህንንም ለማጣራት ተመልሶ ቢመጣ ቤቴ ክፍት ነው።

3ኛ. ስለ ሰኞና ሐሙስ።

ውሳኔው እስኪጸድቅ ሰኞና ሐሙስ እየቀረብኩ እንድጠይቅ፣ ስቀርብም በማስረጃነት የተመዘገበውን መጽሐፍ ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ። ትእዛዙን አክብሬ ያንን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ በፌስታል ይዤ፣ በታክሲ፣ በዘንግ፣ ሁለት ወር ሙሉ ተመላለስኩ።

በአዳራሹ የወረፋ ቁጥር የሚጠራው በድምፅ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ባለ ስክሪን ነው። የማየት ዝንባሌ ብቻ ያለው ሰው ስለሆንኩ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። በመጀመሪያው ሰኞ አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ ዳርቱ ትባላለች፤ ከለገጣፎ መንገድ በኩል ጎመንና ድንች የምታመጣ ነጋዴ ናት፣ የንግድ ፈቃድ ልታድስ ለአምስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነበር። በፌስታሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ገደሉንም፣ ፍሬኑንም፣ ፈትለወርቅ የት ላይ እንደዘጋችውም።

«ታዲያ ሰውዬው እስካሁን እዚያው ነው?» አለችኝ።

እዚያው ነው አልኳት። መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና አሥራ አንደኛውን ምዕራፍ ከፈተች። ማንበብ የተማረችው በማታ ትምህርት ስለሆነ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል ነበር የምታነበው፤ የመልክዓ ምድሩን ገለጻ ግን «ይሄ አያስፈልግም» እያለች ትዘለዋለች። ተራራውን አውቀዋለሁና አልተቃወምኳትም።

ደራሲው ግን ከእናንተ መሥሪያ ቤት ጋር የሥጋ ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም። አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ስለ ገደሉ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ሾፌሩ ልጅነት ይመለሳል። አሥራ ሁለተኛውም ልጅነቱ ነው። እስከ ሃያ አንደኛው ድረስ ሰውየው ተንጠልጥሎ፣ እኛ እንዴት እንደተጠመቀና የመጀመሪያ ጫማውን ማን እንደገዛለት እንሰማለን። በዚህ የተነሣ ሰልፉ ተቆጣ፤ ሲቆጣም ይበልጥ ተጠጋ። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት የምትጠብቀው ፊልሞና እንደ ዜና አንባቢ ፈጥና ስለምታነብ ከዳርቱ ተረከበች። ዳርቱ ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ «ቀስ በይ፣ እሳት አልተነሣም» ትላታለች። ስለ ፍሬኑ ሁሉም እኔን ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ መኪና ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ እንደነበረበት፣ ይህም የሾፌሩ ጥፋት እንጂ የመካኒኩ እንዳልሆነ በዝርዝር አስረድቻለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ጉዳይ የሌላቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ጉዳያቸው ያለቀም ተመለሱ። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ የወጣ አንድ ሰው ሩታ በስሙ ብትጠራው፣ ምዕራፉ ይለቅ ብሎ ቁጥሩን ለኋለኛው ሰጠ፤ የኋለኛውም አልተነሣም። ሩታ ራሷ መስኮቷን ስትዘጋ ለጆሮዋ ያህል ክፍተት ትተዋለች። በዚያ ሩብ ዓመት በአዳራሹ በር ላይ ባለው የቅሬታ ሣጥን ውስጥ አንድም ወረቀት አለመገኘቱን፣ ይህም በሪፖርትዎ ላይ እንደ ቡድንዎ ስኬት መጠቀሱን ሰምቻለሁ። ለስኬትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። እንደ እናንተ አንባቢና አድማጭ የሰበሰበ ቤተ መጻሕፍት በየካ ውስጥ የለም፤ ማዕዶትም እንደዚህ ያለ አዳራሽ አልማ አታውቅም።

4ኛ. ስለ ማስታወቂያው።

ሃያ አንደኛውን ምዕራፍ በጨረስንበት ሐሙስ፣ አንድ ብቻ ሲቀረን፣ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ መከልከሉን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ አሉ። አሉ የምለው፣ አንድም ሰው ድምፅ አውጥቶ ስላላነበበልኝ ነው፤ ተከልክሏላ።

ሰኞ ስመጣ ጥበቃው አቶ አበራ በሩ ላይ አቆመኝና መጽሐፉን በኤግዚቢትነት እንዲረከብ መታዘዙን ነገረኝ። ሰጠሁት። ሳልለምነው ክንዴን ይዞ አስፋልቱን አሻገረኝ። «ጋሼ፣ እኔም ከበሩ ሆኜ እየሰማሁ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ካልወሰድኩት ሥራዬን አጣለሁ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ፍሬን ሠሪነቴ ሰውየው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም ብዬ እንደምገምት ጠየቀኝ። ክንዱን መታ መታ አድርጌ ታክሲዬን ተሳፈርኩ። ማስጠንቀቂያዎ የደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ነው።

5ኛ የሚለው ቁጥር እርስዎን አይከስስም፤ እኔን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ሌላውን በደብዳቤ ሲዘልፍ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ ይቀናዋል፤ ኢፍቱም ይሄን ተወው ብላኛለች። ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም ብዬ እንደዚያ ጮኼ፣ የሆነውን አልሆነም ብል አያምርብኝም። በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቁጥሬ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ነበር። ዳርቱ ክንዴን ነክታ ነገረችኝ። ያን ዕለት ሩታ ለዚያ ቀን ብቻ እርስዎን አስፈቅዳ ያለዚያ ዐረፍተ ነገር ልታስፈርመኝ ተዘጋጅታ እንደነበር በኋላ አወቅኩ። አልተነሣሁም። ይለፈኝ አልኩ። ፊልሞና ማንበቧን ቀጠለች።

ለምን እንዳልተነሣሁ ብዙ ራሴን ጠየቅኩ። ምዕራፉ መሀል ላይ ስለነበርን ነው ማለት ይቻላል፤ ግን አይደለም። ማረጋገጫው ቢሰጠኝ ቤቴ ገብቼ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ብቻዬን ያንን ሾፌር ላወርደው ነው። ፈትለወርቅ «ነገ» ብላኛለች። ሰውየው እስከተንጠለጠለ ድረስ ያ ነገ ገና አልመጣም። እናንተ ስታዘገዩኝ እኔ ስማረር ነበር፤ በሆዴ ግን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አመሰግናችሁ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎች ሁሉ ያለ መርፌ የቀረበው ይህ ብቻ ነውና ተቀበሉኝ።

መጽሐፉ ከተወሰደብኝ በኋላ በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ስደርስ በረንዳዬ ላይ ሰው ተቀምጧል። ዳርቱ አለች፣ ፊልሞና ልጇን ታቅፋ አለች፣ ስማቸውን የማላውቅ ድምፃቸውን ግን የለመድኩት ሰባት ስምንት የወረፋ ሰዎች አሉ። ኢፍቱ ናት የጠራቻቸው። ማዕዶት ከአያት ድረስ የራሷን ቅጂ ይዛ መጥታ ነበር። መጀመሪያ ያስታወቀችኝ በቤተ መጻሕፍቱ ስም አለመምጣቷን ነው፤ አባልነቴ አሁንም ዝግ ነው፤ የመጣችው እንግዳ ሆና ነው፤ እንግዳ በሰው ቤት እንዳያነብ ደግሞ ደራሲው አላስፈረማትም።

ልትጀምር ስትል ቆይ አልኳት። ውኃ እንጠጣ አልኩ። ፀሐዩ ይለፍ አልኩ። ሌላ እሑድ ቢሆንስ አልኩ። ከዚያ ዳርቱ እጄን ያዘችና፣ «ጋሼ ገመዳ፣ የሰውዬው ክንድ ዛለ እኮ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ማዕዶት አነበበች። የሆነው ሆነ። እዚህ ላይ የማልጽፈው ገና ያላነበቡት ሰዎች ስላሉ ነው፤ ደራሲው ስለ ፍሬን ምንም እንደማያውቅ ግን በሙያዬ እመሰክራለሁ። ስታበቃ ማንም ወዲያው አልተነሣም። ትንሽ ቆይቼ ነገው ዛሬ መሆኑን ለራሴ ነገርኩት። እንደፈራሁት አልነበረም። ፊልሞና ልጇን ለማስተኛት ብላ ባታስነሣን ኖሮ ማታ ድረስ እንቀመጥ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ለዚያ ሾፌር አይደለም፤ እሱ ጉዳዩ አልቋል። ከእኔ ሌላ የቤተ መጻሕፍቱ አባላት የሆኑ ሠላሳ አራት ሰዎች አሉ፤ ዘንድሮ ሁሉም ማሳደስ አለባቸው። ከመካከላቸው ለፈተና የምትዘጋጅ አለች፣ ከአልጋ የማይነሣ አለ። እነሱ እንደኔ ጊዜ የተረፋቸው ፍሬን ሠሪዎች አይደሉም። ከፎርሙ ላይ ሁለት ቃላት ይሰረዙ፤ «በራሴ» እና «ዓይን»። ከቡድንዎ ስብሰባ የማያልፍ ከሆነ በሌሎቹ ፎርሞች ሁሉ ላይ ይቆይና ከዓይነ ስውራን ፎርም ላይ ብቻ ይሰረዝ። አድልዎ ነው ካሉኝ፣ አዎ አድልዎ ነው፤ አንድ ጊዜ ያድሉልን።

ይህ ካልተቻለ ግን በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ መሠረት የማየት ዝንባሌ ያለኝ ስለመሆኑ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ይዤው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አመለክታለሁ፤ ባገኝም በመጀመሪያው ቀን ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ መሥሪያ ቤትዎ በመምጣት ምስጋናዬን በአካል አቀርባለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለነፈጉኝ ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ አሥር ጎረቤት ላስተዋወቀኝ ወረፋዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዘመንዎን የተባረከ፣ ስብሰባዎን አጭር፣ ልብዎንም የማየት ዝንባሌ ያለው ያድርግልዎ እላለሁ።

አክባሪዎ
ገመዳ ኢቲቻ
(በመምህርት ኢፍቱ ተነብቦልኝ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ የፈረምኩት)

ማሳሰቢያ፦ ቢሮዎን የምታጸዳው ወይዘሮ ፀዲ ሾፌሩ ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ እንደጠየቋት ነግራኛለች። ኤግዚቢቱ መዝገብ ቤት እንደተቆለፈበት፣ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛም የዓመት ዕረፍት ላይ ስለሆነ ራስዎ እንኳ ሊያወጡት እንዳልቻሉ ሰማሁ፤ አዘንኩልዎ። ማክሰኞ በቃሌ ልነግርዎ ብዬ መጥቼ ነበር፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። እንዳይቸገሩ ብዬ መጨረሻውን ለጥበቃው ለአቶ አበራ ነግሬዋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ያገኙታል፤ ወረፋ የለውም።